ዊንዶውስ ትውልድ ሲቆጥር

በወላይታ ሶዶ ዊንዶውስ የገዛ ሰው አላውቅም፤ ያስጫነ ግን ሞልቷል። የሚገዛ ሰው ብቻውን ገዝቶ ብቻውን ይከፍታል። የሚያስጫን ሰው መጀመሪያ ጎረቤት ያማክራል፤ ጎረቤትም “አንድ ጎበዝ ልጅ አለ” ይላል፤ ጎበዙ ልጅ ፍላሹን ኪሱ ከቶ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል። ከዊንዶውሱ ጋር ፓወር ግዕዝ፣ ከፓወር ግዕዙ ጋር አንቲቫይረስ፣ ከአንቲቫይረሱ ጋር ማንም ያላዘዘው የህንድ ፊልም ይጫናል። ልጁ ተነስቶ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ጉርብትናውም ታድሷል።

የእኔ ላፕቶፕ በዚሁ ወግና ሥርዓት ያደገ ነው። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ስሙ ላፕቶፕ ይሁን እንጂ ኑሮው የዴስክቶፕ ነው፤ ከግድግዳው ሶኬት ርቆ የዳሞታን ተራራ በመስኮት እንኳ አይቶ አያውቅም። እኔም በእሱ፣ እሱም በእኔ ረክተን እንኖር ነበር።

የወላይታን ዘመን መለወጫ ጊፋታን አክብረን የዳጣው ማቃጠል ከምላሳችን ገና ሳይለቅ ማይክሮሶፍት መርዶ አመጣ፦ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 ድጋፍ ቀረ። ከ10 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ወጣ ማለት ነው። ጎበዙን ልጅ ጠራሁትና “በል 11ን ጫንልኝ” አልኩት። ላፕቶፑን ገልብጦ አየና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

“ጋሼ፣ ይሄኮ አራተኛ ትውልድ ነው።”

“ምኑ?”

“ፕሮሰሰሩ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። በዘዴ ማስገባት ይቻላል፤ ግን አይመከርም።”

በወላይታ ልጅ ሲዳር የሁለቱ ጎሳ አንድ እንዳይሆን ይጣራል። ሰሜን ስትሄድ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሰባት ቤት ከተቆጠረ በኋላ የሚጨቃጨቅ ሽማግሌ የለም፤ ሰንጋው ይጣላል፣ ሠርጉ ይደገሳል። ስምንተኛ ጨምሮ የሚጠይቅ አማች ያየሁት ማይክሮሶፍትን ብቻ ነው።

በዚህ መሐል የእህቴ ልጅ መጣ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር፣ ከግቢ ሲመጣ ልብስ ለማሳጠብና ምክር ለመስጠት የሚመጣ ልጅ ነው።

“አጎቴ፣ ኡቡንቱ ልጫንልህ።”

“ስንት ነው?”

“ነፃ ነው።”

“ክራኩስ?”

“ክራክ አያስፈልገውም፤ ነፃ ነው እያልኩህ!”

ማንም ሳይሰርቀው ነፃ የሆነ ነገር ሲገጥመኝ እጠረጥራለሁ። ልጁ ታሪኩን ዘረዘረልኝ፦ ሥሩ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ነው። ኡቡንቱን ያስጀመረው ግን ማርክ ሻትልዎርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ሰውዬው በ2002 ከኪሱ ከፍሎ በሩሲያ ሶዩዝ መንኮራኩር ጠፈር ደርሶ ተመለሰ፤ በ2004 ደግሞ ኡቡንቱን ለዓለም አደለ። ይሄን ስሰማ ጥርጣሬዬ ለቀቀኝ። ምድርን ከዚያ ከፍታ ያየ ሰው ለጋስ ቢሆን አይገርምም፤ ከዚያ ላይ ሲታይ የማን ኮምፒውተር አራተኛ ትውልድ እንደሆነ አይለይም።

ወደ 6 ጊጋባይት የሚጠጋው ፋይል ከግቢ በፍላሽ መጣ። የተጫነልኝ 24.04 ሲሆን ቅጽል ስሙ “ኖብል ነምባት” ነው። ነምባት ምን እንደሆነ ብጠይቅ አውስትራሊያ ውስጥ ምስጥ እየበላ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነው አለኝ። የሰው ክብር በበሬው በሚለካበት አገር እኔ ቤት የገባው ምስጥ በላ ሆነ። ለጎረቤት “ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ነው” እያልኩ ስሙን አልፈዋለሁ።

ባለቤቴ የወላይትኛ መምህርት ናት። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አናባቢው ሲረዝም ይደገማል፣ ተነባቢው ሲጠብቅ ይደገማል፣ በቃ። በዚያው ማታ ቁጭ ብላ የተማሪዎቿን ፈተና ተይባ ተነሳች። የእሷ ቋንቋ ዕቃ ሳይጭን ተዛወረ። የእኔው አማርኛ ግን በር ላይ ቀረ፤ ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ሰው ነው፣ ከጌታው ጋር ሄዷል። ልጁ “ሴራ” በሚባል (ስሙን እኔ አላወጣሁለትም) የአጻጻፍ ስልት አስገባልኝ። በዚህ ስልት ትንሿ የላቲን “ቲ” “ት” ስትሆን ትልቋ “ጥ” ናት፤ ትንሿ “ኤን” “ን”፣ ትልቋ “ኝ” ናት። ሺፍትን ሳይጫን ሰላምታ ለሚጽፍ ሰው “ጤና ይስጥልኝ” “ተና ይስትልን” ሆኖ ይወጣለታል። ለቀበሌ እንዲህ ብሎ ማመልከቻ የጻፈ ሰው ጉዳዩ ከመታየቱ በፊት ጥርሱ ይታያል።

ዋናው ፈተና የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ነበር። ዱሮ፣ በቀድሞው ጸሐፊ ዘመን፣ በአሮጌ የግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ ነው። የዚያን ጊዜ አማርኛ ላዩ ግዕዝ ይምሰል እንጂ ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ የራሱ ፎንት ከላዩ ሲነሳ ጉዱ ይወጣል። ግዕዝ የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ 345 ቁምፊዎቹን ሲመዘግብለት ነው። ይሄ ግን ለስብሰባ ለተቀመጡ የእድር አባላት የሚነገር አይደለም። ላፕቶፑን አዙሬ ሳሳያቸው የቅጣቱ አንቀጽ ዶላር ምልክት፣ ግማሽ ቅንፍና የሰከረ እንግሊዝኛ ሆኗል። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ “ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምከው?” አሉ በአድናቆት። ለቀብር ባለመገኘት የተቀጣው አባል ግን ወዲያው ተነስቶ፣ “ሊነበብ በማይችል አንቀጽ ሰው አይቀጣም” ሲል ተከራከረ። ግማሹ ጉባኤ ደገፈው። ደንቡ ከታተመው ወረቀት ላይ በዩኒኮድ እንደገና እስኪተየብ ድረስ እድራችን ቅጣት የሌለበት ማኅበር ሆኖ ሰነበተ፤ በቀብር ላይ የሚገኘው ሰው ቁጥርም ይህንኑ መሰከረ።

ሊቀመንበሩን ያጽናናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሊኑክስ ላይ ከባድ ነገር ለማዘዝ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ መጀመሪያ “ሱዶ” ብሎ መጻፍ ግድ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ትእዛዝ ነው። “ከተማችን ሳትፈቅድ ኮምፒውተሩ ንቅንቅ አይልም ማለት ነዋ!” አሉ። አዎ አልኳቸው። “አንዷን ፊደል ስተዋታል፤ ግድ የለም” ብለው ይቅር አሏቸው።

ያልጠበቅኩት ነገር ዝምታው ነበር። ዊንዶውስ ሲታመም ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው። ሰማያዊው ስክሪን ከመጣ ጫማ ጠራጊው ሳይቀር “ሪስታርት አድርገው” ይልሃል። ኡቡንቱ አልታመመም፤ ቢታመምም የሚያውቅለት የለም። ፎርማት የሚያደርግ ልጅ አይመጣም፣ አንቲቫይረስ የሚያድስ አይመጣም፣ የህንድ ፊልሙም ተቋረጠ። ያኔ ነው የገባኝ፦ ሰው ኮምፒውተር የሚመርጠው በፍጥነቱና በውበቱ አይደለም፤ ሲበላሽ ጎረቤቱ በሚያውቀው ነው። በየሰፈሩ ዊንዶውስ የነገሠው ስለማይበላሽ ሳይሆን፣ ብልሽቱን ሁላችንም አብረን ስለተማርነው ነው።

ዝምታው ግን አልቆየም። አንድ የጎረቤት መምህር የተማሪ ውጤት የያዘ ፍላሹ በቫይረስ ተይዞ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑበት። የእህቴ ልጅ የእኔው ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ ኡቡንቱ ላይ አይነሳም፤ የተደበቁት ፋይሎች በሙሉ ብቅ አሉ፤ ሾርትከቶቹ ተጠረጉ። ወሬው እስከ ሶዶው መርካቶ ገበያ ደረሰ። አሁን ቤቴ የፍላሾች ጸበል ሆኗል። ከጽሕፈት ቤቶቹ ይመጣሉ፣ ከትምህርት ቤቶቹ ይመጣሉ፣ ዊንዶውስ የሚጭነው ጎበዝ ልጅ ራሱ “ጋሼ፣ ለማንም አትንገርብኝ” እያለ ሲመሽ ይመጣል። የመጣ ሁሉ ይቀመጣል፤ ለተቀመጠ ሁሉ የጎዳሬ ቅቅል በዳጣ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ አይነሳም።

ባለቤቴ ሂሳቡን ሠርታዋለች። የዊንዶውስ ፈቃድ ውድ ቢሆንም አንዴ ተገዝቶ ያርፋል፤ ነፃ የተባለው ኡቡንቱ ግን በኪሎ ቡና ሲለካ ቤታችን ከገባ ሸቀጥ ሁሉ የተወደደው እሱ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ተይባ በሩ ላይ ለጥፋለች። በወላይትኛ ስለሆነ ከየትኛውም ኮምፒውተር ያለ ችግር ይታተማል፦ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ቡናውንም ይዞ ይምጣ።