ሻንጣና ውቅያኖስ፦ ለዛንዚባር ሆቴል ስለሚደረግ የቤት ውስጥ ዝግጅት የቀረበ ጥናት

አዲስ ተጋቢዎች ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባርን የሚመርጡበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ 3 ሰዓት ያህል ነው፤ ባሕር አለ፤ ፎቶው ያምራል። እስካሁን ሳይጠና የቀረው ከበረራው በፊት ያለው ሳምንት ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተሰናዳ ሲሆን፣ የመስክ ሥራው የተካሄደው በየዘመዱ ሳሎን፣ አፉን በከፈተ ሻንጣ ዙሪያ ነው። መረጃ ሰጪዎቹ ሙሽሮች፣ የሙሽሮች እናቶችና ሳይጠሩ የመጡ ጎረቤቶች ናቸው። ብዙውን መረጃ የሰጡት የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ስለ ጊዜ አመራረጥ

በኦርቶዶክሱ ቤት የጉዞውን ወር የሚወስነው የአየር ጠባይ ሳይሆን አጽዋማት ናቸው። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ፣ ሠርግ የሚበዛው በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ዛንዚባር በበኩሏ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙን ዝናቧን ትቀበላለች፤ የአገሬው ሰዎች ማሲካ ይሉታል። በዚህ ወቅት በራቸውን ጨርሰው የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ።

ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የሚከተለው ሕግ ይወጣል። በጥር ያገባ ሰው ፀሐይ ያገኛል፤ ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ነነዌም ሩቅ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ያገባ ሰው እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ የረቡዕና የዓርብ ጾም የለበትም፤ ስለዚህ ቡፌው ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፣ ዝናቡም እንዲሁ። ፀሐይና ፍስክን አንድ ላይ የሚሰጥ ቀን ለማግኘት የተደረገው ፍለጋ አልተሳካም።

በጥር የሚጓዝ ጿሚ ግን ተስፋ መቁረጥ የለበትም። በደሴቲቱ ባቄላውም፣ ጎመኑም፣ ሩዙም በኮኮናት ወተት ይሠራል። ዓሣን በተመለከተ በሙሽራውና በአማቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ጥናት አቅም በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ ሻንጣው ንብርብር

ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው ክብደት 23 ኪሎ ነው። ሻንጣውን ከታች ወደ ላይ ስንመረምር ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ የተፈጨ ቡና፣ ዳቦ ቆሎና ጋቢ በቅደም ተከተል ይገኛሉ። ልብስ በተረፈው ክፍተት ይገባል። መድረሻው ቁርስና እራት የተከፈለበት ሆቴል መሆኑ ይህንን አሠራር አልለወጠውም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁሉም እናቶች፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተዋል፦ «ልጄ፣ የሰው አገር እህል አይታወቅም!» ደሴቲቱ በቅርንፉድ ንግድ ስሟ የገነነ መሆኑ፣ ቱሪስቱም ቀረፋና ሄል ሲበቅል ለማየት እየከፈለ እርሻ ለእርሻ እንደሚዞር ተነግሯቸዋል። ኮረሪማ ጨምረዋል።

ክብደቱ የሚለካው በታወቀ ዘዴ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሚዛን ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ሻንጣውን አቅፎ ይቆማል፤ ልዩነቱ ይወሰዳል። ዘዴው በራሱ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው የመጨረሻዋ ዳቦ ቆሎ ዘወትር ከልኬቱ በኋላ ስለምትገባ ነው።

ለፍትሕ ሲባል ግን እናቶች በሁለት ነጥብ ትክክል ሆነው መገኘታቸው መመዝገብ አለበት። አንደኛው ነጠላ ነው። የዛንዚባር ሕዝብ አብላጫው ሙስሊም በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው ስቶን ታውን ሲዘዋወሩ ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጋቢ ነው። ውጪ ያለው ሙቀት ጋቢ አያስለብስም፤ የሆቴሉ ኤሲ ግን ያስለብሳል፣ ሪሞቱን ማስተካከል የሚችል ሙሽራም ገና አልተገኘም።

ስለ ፌስታል

በአገራችን የአስተሻሸግ ጥበብ ጫማ በፌስታል፣ ሻምፑ በፌስታል፣ ሽሮ በሁለት ፌስታል፣ ሁሉም አንድ ላይ ደግሞ በትልቅ ፌስታል ይታሰራል። ታንዛኒያ ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ይዞ መግባትን ከልክላለች፤ ዛንዚባር ከዚያም ቀድማ ከልክላ ነበር። የተከለከለው መያዣው እንጂ የተያዘው ባለመሆኑ፣ መንገደኛው ሽሮውን በእጁ የመያዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። የጨርቅ ከረጢትም ይሠራል፤ ሐሳቡ ግን በጥናቱ ሳሎኖች ውስጥ ደጋፊ አላገኘም።

ስለ ሰዓትና ሶኬት

ታንዛኒያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው። ይህ ብቻ አይደለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፣ የጠዋቱ 2 ሰዓት ለእሱም 2 ሰዓት ነው። በሆቴሉ ከሚያርፉት እንግዶች መካከል ከሹፌሩ ጋር ያለ ሒሳብ መግባባት የሚችለው ኢትዮጵያዊው ነው። ችግሩ ሹፌሩ እንግዳውን ለማክበር ብሎ በእንግሊዝኛ ሲናገር ያንኑ ሰዓት 8 ማለቱ ነው። ሙሽራው 8 ሲባል ከምሳ በኋላ መስሎት ይተኛል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ሰዓቱን ሳይሆን ቋንቋውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሶኬት በኩል እንዲህ ያለ ዝምድና የለም። የዛንዚባር ሶኬት የእንግሊዞች ባለ ሦስት እግር ጠፍጣፋ ነው፤ የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀር አይገባበትም። አዳፕተር ከዳቦ ቆሎ ይቀልላል። በተመረመሩት ሻንጣዎች ውስጥ አልታየም።

ስለ ባሕሩ መሄድ

ኢትዮጵያዊ ስለ ሰፊ ውሃ ያለው ዕውቀት ከላንጋኖና ከሐዋሳ የተገኘ ነው። ላንጋኖ የትም ሄዶ አያውቅም። የዛንዚባር ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲጎድል እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለ«ባሕር የሚያይ ክፍል» ተጨማሪ የከፈለ ሙሽራ ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጥ አሸዋ፣ በጎናቸው የተኙ ጀልባዎችና የባሕር ተክል የሚያለሙ ሴቶች ይታዩታል። በዚህ ጊዜ ወደ ሪሴፕሽን ወርዶ ባሕሩ የት እንደሄደ መጠየቅ የተለመደ ነው። ተረኛው በትሕትና ከሰዓት በኋላ እንደሚመለስ ይነግረዋል።

ምክንያቱ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ሲሆን፣ ውሃው እጅግ የሚርቀው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ነው። ሙሉ ጨረቃን ለፍቅር ብሎ የመረጠ ሰው፣ ሳያውቀው ባሕሩ በጣም የሚርቅበትን ሳምንት መርጧል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ልዩነቱ ብዙም በማይታወቅበት በሰሜን፣ በኑንግዊ ወይም በኬንድዋ ማረፍ፤ ወይም ክፍል ከመያዝ በፊት የውሃውን መሙያና መጉደያ ሰዓት መመልከት። ወደ ጎደለው ውሃ በእግር የሚሄድም እሾሃማ የባሕር ፍጥረት እንዳይወጋው የጎማ ጫማ ይያዝ። መዋኘት አለመቻል በዚህ ጥናት እንደ እንቅፋት አልተቆጠረም፤ ከተጠኑት ሙሽሮች አብዛኞቹ የዋና ልብሱን የገዙት ለፎቶው ነው።

ስለ ወረቀት

ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ እንግዳ ከዚያው ከደሴቲቱ መድን ድርጅት በ44 ዶላር የጉዞ መድን እንዲገዛ ይገደዳል፤ ሌላ መድን አለኝ ማለት አያድንም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመደብ የክትባቱ ቢጫ ካርድም ይጠየቃል። ካርዱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ማለትም ለዕድሜ ልክ የት እንደተቀመጠ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ጥናቱ የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነው። ሻንጣው የሚዘጋጀው ለሚሄዱበት ደሴት ሳይሆን ለሚለዩት ቤት ነው። ስለዚህ ከ23 ኪሎው ውስጥ ለጉዞው የግድ የሚያስፈልጉት ቢጫ ካርዱ፣ አዳፕተሩና የጎማ ጫማው ቦታ አጥተው ይቀራሉ፤ ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ኪሎ አይሞሉም። ተጓዥ ሆይ፣ እናትህን አትከራከር፤ ሽሮውን ተቀበል። ካርዱን ግን ዛሬውኑ ፈልግ። ከጠፋ ወይም ካልተከተብህ፣ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ድርቆሽ ግን በበረራው ዋዜማም ይደርሳል።