የታተመ ጉጥ

ቸርችል ጎዳናን መውረድ ለሽማግሌ ጉልበት አያቅትም፤ ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቁልቁለት ነዋ! ቢሆንም የልጅ ልጄ «አባባ፣ ለአዲሱ ቤቴ በርጩማ ይምረጡልኝ» ስትለኝ ከዘራዬን ይዤ ተከተልኳት።

ወደ ፖስታ ቤት ሲወረድ ካሉት የባህል ዕቃ መደብሮች አንዱ ዘንድ ገባን። ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ተደርድሯል፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። አንዱን አንሥቼ ገለበጥኩት። ዋንዛ ነው። መሐሉ ቡናማ፣ ጠርዙ ቅቤ የመሰለ፤ መቀመጫው ላይ አንድ ጉጥ፣ ከጉጡ ሥር ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ።

«ይኼን!» አልኩ።

«ውይ አባባ፣ ይኼማ ተበላሽቷል!»

ሻጩም ተደርቦ፣ «በሌላ ልለውጥልዎት አባቴ፤ እሱ በስህተት ነው የወጣው» አለኝ።

በስህተት! ጉጥ እኮ ዛፉ ቅርንጫፉን የዘረጋበት ነው። ቡናማው የግንዱ ልብ፣ ነጣ ያለው ውኃ ሲያመላልስ የኖረው ዳሩ። ስንጥቁም የጠራቢ ስንፍና አይደለም፤ እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚኮማተረው ወደ መሐል ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው፤ ድፍን ግንድ ከሆነ የሆነ ቦታ መተንፈስ አለበት። እኔስ በሰማንያ ዓመቴ ስንት ቦታ ተሰንጥቄ የለ? ባለቤቴ እንኳ በሌላ አልለወጠችኝም። ጎዳናው የተሰየመለት ቸርችልም ቢሆን ፊቱ በፒያላ የተላገ ሰው አልነበረም።

የገረመኝ ሌላ ነው። የልጅ ልጄ ቤቷ ውስጥ «ናቹራል ነው» ብላ ያስጎበኘችኝ ጠረጴዛ አለ። ኤም ዲ ኤፍ ነው፤ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጋግሮ፣ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶ የተለጠፈበት። ፎቶው ታዲያ ጉጥ አለው! መነጽሬን አድርጌ ቆጠርኩ፤ ያው አንዱ ጉጥ አራት ቦታ። በዋንዛው ላይ የጠላችውን ጉጥ በወረቀት ገዝታዋለች፤ ያውም ከነመንትዮቹ።

እሷ ልሙጡን ገዛች፣ እኔ ስንጥቁን። ሽቅብ ስንመለስ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። በርጩማዬን ዛፍ ጥላ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። እሷም ደክሟታል፤ ግን የእሷ እንዳይቧጠጥ በላስቲክ ተጠቅልሏልና አቅፋው ቆማለች።

«አባባ» አለች ቆይታ፣ «ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።»