ቀዩ መስመር ይታገሰን

ኧረ የኮድ ኤዲተር ነገር! አንድ አዝራር ላይ የተጻፈውን «ላክ» ወደ «አስገባ» ለመቀየር ብቻ ፕሮጀክቱን ለከፈተ ሰው ፋይሉ ወዲያው ድቅን ይልለታል። ደስታው ግን አይቆይም፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ይሆናል። ትናንት ማታ ሲሠራ ያመሸ ኮድ ነው፤ ማንም አልነካውም። ኤዲተሩ ላይብረሪዎቹን ገና አጣርቶ ስላልጨረሰ ብቻ ሁሉንም «አላውቀውም» ይላል። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ማለት ይኸው ነው።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ሁሉንም አጣርቼ ካልጨረስኩ አላስነካም ባይ ነው። ከታች ሂደቱን የምታሳየው ቀጭን መስመር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትሄዳለች። የላፕቶፑ ማራገቢያ ይጮኻል። አንዲት ቃል ለማረም ይህን ሁሉ!

ሥራው ቀላል ነው የሚል የለም። ላይብረሪ የሚያመጣውንና ቢልድ የሚያደርገውን ግሬድልን እንውሰድ። ፕሮጀክቱ አንድ ላይብረሪ ሲፈልግ መጀመሪያ የላይብረሪው መግለጫ ፋይል ይወርዳል። የትኞቹን ሌሎች ላይብረሪዎች እንደሚፈልግ የሚታወቀው ይህ ፋይል ከተነበበ በኋላ ነው፤ እነዚያም የየራሳቸውን ይጠራሉ። ከእነዚህ ሁለቱ የአንድን ላይብረሪ የተለያየ ቨርዥን ከጠየቁ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ግሬድል ከፍተኛውን ይመርጣል፤ ተመሳሳዩ መሣሪያ ሜቨን ግን ለፕሮጀክቱ የቀረበውን። ፋይሎቹ ትንንሾች ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሳይደርስ ቀጣዩን መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ፈጣን ነው የተባለ ኢንተርኔትም ሁልጊዜ አያድንም፤ የሚገድለን ምልልሱ ነው።

ቨርዥኑ ላይ የመደመር ምልክት አድርጎ «አዲስ የወጣው ይምጣ» ብሎ የሄደ ባልደረባ ካለማ ጉዳችን ፈላ። ግሬድል እንዲህ ላለው ጥያቄ ያገኘውን መልስ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ የሚያምነው ለ24 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና ይጠይቃል። ልክ በዚያ ሰዓት መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ከጠፋ፣ ትናንት የወረደው ላይብረሪ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ «ላገኘው አልቻልኩም» ብሎ ያርፈዋል። ኦፍላይን የምትለዋን ምርጫ የሚያውቅ ይተርፋል። ትናንት የጀመረው ልጅ ግን ከየት ያውቃታል? ኮዱን አበላሸሁ ብሎ ሲደናገጥ ይውላል።

መላ የተባለውም ሌላ ጣጣ አለው። ለሲ ሻርፕ የሚያገለግለው ኦምኒሻርፕ፣ የተከፈተው ፋይል ያለበትን ፕሮጀክት ብቻ የሚጭንበት ምርጫ አለው። ትልቅ ሥራ ላይ በእርግጥም እፎይ ያሰኛል። ሆኖም «ይህ ፈንክሽን የት የት ተጠርቷል?» ተብሎ ሲፈለግ፣ ያልተጫነው ፕሮጀክት ውስጥ ያለው አይቆጠርም። ሰው ሦስት ቦታ ብቻ ነው ብሎ ስሙን ሲቀይር፣ አራተኛው ሌላው ባልደረባ እጅ ላይ ቢልድ ሲደረግ ይፈነዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ጎዶሎ መልስ ሙሉ መስሎ መምጣቱ።

ምክር ስንጠይቅ ደግሞ የሁሉም አፍ አንድ ነው፤ «ካሹን አጥፋና እንደገና ክፈተው»። የወረደው ሁሉ ሊጠፋ፣ በሞባይል ዳታ፣ በገዛ ብራችን እንደገና ሊወርድ! ስንቱ የወር ፓኬጅ በዚህ አለቀ?

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ሎክ ፋይል ካለ የተስማማንበት ቨርዥን እዚያ ተጽፏል፤ ኤዲተሩ ከሱ ይነሣ፣ አዲሱን ከበስተጀርባ ያጣራ። መንገዱ የለም እንዳይባል፣ ኤዲተሩ ኮዱን ከሚያጣራለት ሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የላንጉዊጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል፣ ሰርቨሩ ሥራውን የት እንዳደረሰ ለኤዲተሩ የሚናገርበትን መንገድ ከ3.15 ቨርዥን ጀምሮ አካቷል። ታዲያ ይነገረን! ያልተጣራው ግራጫ ይሁን እንጂ ቀይ አይሁን። «ሦስት አገኘሁ» ሲል «ያላየሁት ገና አለ» ይበል። ፊደል ለማረም የገባውንም ሰው ላይብረሪው እስኪመጣ አስሮ አያቆየው፤ አርሞ ይውጣ።