የእማዬ ጠረጴዛ

ለእማዬ የቡና ጠረጴዛ ልሠራ የዋንዛ ጣውላዎች በኮላ ገጥሜ፣ በሞርሳ አጥብቄ አሳደርኩ። ጠዋት ስፈታቸው ኮላው በየመጋጠሚያው ተንጠባጥቦ ደርቋል፤ አንዱ ጣውላም ከጎኑ ካለው ትንሽ ከፍ ብሏል። ይኼ የትም ያለ ነው። ጣጣው በምን ላስተካክለው ሲባል ነው።

ገበታውን ታቅፌ በባጃጅ መርሳ ከተማ አስፋልቱ ዳር ወዳለ አንድ እንጨት ቤት ሄድኩ። የመላጊያ ማሽኑ አፍ ጠበበ። ቢሰፋስ? የደረቀ ኮላ ስለት ስለሚሸርፍ ባለማሽን ኮላ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ እውነቱን ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማለስለሻ ተውሼ ተመለስኩ። ብርጭቆ ወረቀቱ ሲዞር፣ አቤት ልስላሴው! ቫርኒሽ ቀባሁና እማዬ ጎረቤት ጠራች።

አቦሉ ተቀዳ። ሲኒው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ተንገዳገደ። የፈሰሰው ቡና ደግሞ መሄጃውን የሚያውቅ ይመስል በአንዱ ስርጉድ ቁልቁል ወርዶ የጎረቤታችን የእትዬ ነጭ ቀሚስ ላይ አረፈ። «አብሽር ልጄ፣ ይታጠባል» አሉኝ። ሲያባብሉኝ ባሰብኝ። እንግዳው ሁሉ ሲኒውን አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠረጴዛዬን መመርመር ያዘ።

ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ጫፍና ጫፉ ላይ አጋድመው በላያቸው ተመለከቱ። የዘንጎቹ አናት ትይዩ አልሆነም፤ ገበታው ተጠማዟል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ለስልሶ?»

«ማለስለሻ ያለሰልሳል እንጂ አያስተካክልም። ከፍታውንም ዝቅታውንም አብሮ ነው የሚበላው።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። ኮላው እንጨቱን ስለሚያርስና ስለሚያሳብጥ ቢያንስ 24 ሰዓት መታገስ ያሻል፤ ቶሎ ከተላገ ኋላ መስመሩ ይሰረጉዳል። የተንጠባጠበው በመሮ ይነሳል። ከዚያ ረጅም መላጊያ፤ አጭሩ ጎድጓዳው ውስጥ አብሮ ይወርዳል፣ ረጅሙ ግን ተሻግሮ ጉብታውን ብቻ ይቆርጣል። መጀመሪያ አግድም በሰያፍ፣ ቀጥሎ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻ ነው፤ 120 ቁጥር፣ ከዚያ 180። ዋንዛን የሚያህል እንጨት ይኼን ያህል ትዕግሥት አይበዛበትም።

ጋሼ መላጊያቸውን አምጥተው አብረን ላግነው። ቫርኒሽ ስለት ይበላልና መላጊያውን ደጋግመው ሳሉት። ገበታው ቀጥ አለ፣ ግን ሳሳ። ቫርኒሹን ላነሳ እጄን ስዘረጋ እማዬ ቆርቆሮውን ቀድማ አነሳችና ለጋሼ ሰጠቻቸው።