የድቡልቡልና የጭብጦ ጉዳይ፤ ከላፍቶ አንድ ፍሪጅ የተገኘ ማስረጃ

ይህ ጥናት የተካሄደው ላፍቶ ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ክፍለ ከተማው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ግማሽ ስሙ ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ የድሮ ጣቢያ፣ ግማሹ ኦሮምኛ ግራርን ከሚጠራበት ቃል የመጣ ነው። ከኩሽናችን መስኮት ሁለቱም አይታዩም። የጥናቱ ወሰን አንድ ኩሽናና አንድ ፍሪጅ ሲሆን ናሙናው ሁለት ሴቶች ናቸው፦ እናቴና የእህቴ ልጅ። ናሙናው አነሰ የሚል አንባቢ አራቱን ፎቅ ወጥቶ ይምጣና ይቁጠረን።

የጥናቱ መነሻ አንድ ሳህን ነው። አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከጂም ተመልሳ ያለ እሳት፣ ያለ ምጣድ፣ ያለ ጭስ የሚሠራ ጤናማ መክሰስ እንደምታሳየን አስታወቀች። ስሙ ኢነርጂ ቦል ነው። አንድ ኩባያ አጃ፣ ግማሽ ኩባያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሲሶ ኩባያ ማር፣ ፍሬው የወጣለት አምስት ተምር፣ ሁለት ማንኪያ የኮኮናት ዘይት፣ ከላዩ ሰሊጥ። ተለወሰ፤ በሁለት መዳፍ መሃል እየተንከባለለ ተድቦለቦለ፤ 12 ሆኖ ሳህን ላይ ተደረደረ። (14 ነበሩ። ሁለቱ ለቅምሻ ሄደዋል።) ሳህኑ ፎቶ ተነሣና ፍሪጅ ገባ። እናቴ ከበርጩማዋ ሳትነሣ ሥራውን እስከ መጨረሻው ተከታተለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ጭብጦውን ምነው አድቦለቦልሽው?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጭብጦ አይደለም» አለች የእህቴ ልጅ።

መልሱ አጭር ነው፤ ማስረጃ ግን አልቀረበበትም። አጥኚው ጉዳዩን የያዘው ከዚህ ላይ ነው።

ከስሙ እንነሣ። ጭብጦ «ጨበጠ» ከሚለው ግስ የተወለደ ነው። ምግቡ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ወይም ከጣዕሙ አይደለም፤ እጅ ከሠራው ሥራ ነው። በሶ በጥቂት ውሃና ጨው፣ ወይም በዘይት፣ ሲደላ በቅቤና በማር ይለወሳል። ከዚያ አንድ እጅ ይዘግናል፣ ይጨብጣል፣ ይለቃል። አለቀ። የሚወጣው ነገር ክብ አይደለም። በአንድ ጎኑ አራት ጣቶች የተኙባቸው አራት ቦዮች አሉት፤ በሌላ ጎኑ አውራ ጣት የተጫነበት ጎድጓዳ። አጥኚው እናቴ በጠየቅኳት መሠረት የጨበጠቻቸውን ሦስት ጭብጦዎች በማስመሪያ ለክቷል፤ የእያንዳንዱ ቦይ ስፋት 18 ሚሊ ሜትር ነው። እናቴ በበኩሏ ማስመሪያው ታጥቦ እንደሆነ ጠይቃለች። አልታጠበም ነበር። ሦስቱም ናሙናዎች ከጥናቱ እንዲወጡ ተደረገና አጥኚው በላቸው።

ኢነርጂ ቦል ግን ቦይ የለውም። ከየትኛውም ወገን ቢያዩት አንድ ነው፤ ማን እንደሠራው ከመልኩ አይታወቅም። ለመድቦልቦልም ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሁለት እጅ ደግሞ ባንዴ የሚፈታው ሥራ ለሌለው ሰው ነው። ጭብጦ በአንድ እጅ የሚሠራበትን ምክንያት እናቴ ስትጠየቅ «ሌላው እጅ ምን ይዞ?» ብላ መልሳለች። አጥኚው ይህን እንደ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ተቀብሎታል። ሌላው እጅ ዱላ ይዟል፤ የበቅሎ ልጓም ይዟል፤ ልጅ አቅፏል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘመት በሶው፣ ጭኮው፣ ዳቦ ቆሎውና ቋንጣው ከየቤቱ ጓዳ ነበር የሚወጣው፤ የዘማቹ ሁለተኛ እጅ ምን እንደያዘ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

«ያለ እሳት» የሚለው አነጋገርም ሳይመረመር ማለፍ የለበትም። እርግጥ ነው፣ ጭብጦም ሲጨበጥ እሳት አያይም። በሶው ግን አይቷል። ገብሱ ይለቀማል፤ ውሃ ተርከፍክፎበት በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፤ ምጣድ ላይ ቀላ ብሎ እስኪሸት ይቆላል፤ እንደገና ተበጥሮ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። እዚያም ጥንቃቄ አለው፤ ወፍጮው ቀድሞ በርበሬ ፈጭቶ ከሆነ በሶው ቤተሰቡን እስከ ወር ያስነጥሳል። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ የሚበላው አስቀድሞ በስሎ ስላለቀ ነው። አጃውም ቢሆን ያው ነው፦ ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት በስሎ፣ በብረት መዳመጫ ተዳምጦ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የታሸገው። ኦቾሎኒው ተቆልቷል። ተምሩን ፀሐይ አብስላዋለች። እሳቱማ ነድዷል፤ የነደደው ሰው ቤት ነው። የአጃውን ጭስ ማን እንደሞቀው ከቆርቆሮው ላይ አልተጻፈም። የበሶውን ጭስ የሞቀችው ግን በርጩማው ላይ ተቀምጣለች።

አሁን ወደ አጃው። በአገራችን ደጋ ሲናር የሚባል የአጃ ዘመድ አለ፤ ሊቃውንት አቬና አቢሲኒካ ይሉታል። ገብስ ማሳ ውስጥ ሳይዘሩት ይበቅላል፤ አብሮ ይታጨዳል፤ አብሮ ይወቃል፤ ገበሬውም ለመለየት ብዙ አይደክምም። በሌላ አነጋገር ሲናር በገብስ ቤት ሳይጠራ መጥቶ የቀረ እንግዳ ነው። ዛሬ የዚያ እንግዳ የባሕር ማዶ ዘመድ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሥዕል ባለው ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ገብስ ደግሞ እህል በረንዳ በማዳበሪያ ከረጢት ተቀምጦ ገዢ ይጠብቃል። ይህን ለእናቴ ባስረዳኋት ጊዜ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ «ታዲያ ሲናር ነዋ በማር የለወስሽው» አለች። የእህቴ ልጅ ስልኳን ነካካች።

ገብስ ግን ጠያቂ አጥቶ አያውቅም። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. እስከ አዲስ አበባ የመጣው የስንዴያችንንና የገብሳችንን የዘር ብዛት ሊያይና ሊሰበስብ ነው፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ተቀብለው አነጋግረውታል። በኋላም ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ዋይዲ 2 የተሰኘ ዘረ መል የሌላ አገር ገብስ ቢጫ ድንክ ከሚያደርገው ቫይረስ እንዲጠበቅ ረድቷል። ለአጃም ክብሩን አንነፍገውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1997 እ.ኤ.አ. አጃ ቤታ ግሉካን በተባለው አሰሩ የልብ ሕመምን ሥጋት ሊቀንስ እንደሚችል እሽጉ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ገብስም ያንኑ አሰር ይዞ ቀርቦ ነበር፤ ፈቃዱ ተሟልቶ የደረሰው በ2006 ነው። ዘጠኝ ዓመት ወረፋ ጠበቀ። አገሩ ወረፋ የለመደ ስለሆነ አልከፋውም።

ለፍትሕ ሲባል የድቡልቡል ወገን ያለውም ማስረጃ መቅረብ አለበት፤ ከባድ ማስረጃ ነው። የስኮትላንዱ ጀምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ኦሮሞ ተጓዦች ሲያወራ ቡናን ቆልተውና ፈጭተው፣ በቅቤ ለውሰው፣ እያድቦለቦሉ በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙት ይነግረናል። አንዷ ብቻ ከዳቦና ከሥጋ በተሻለ ሰውን ቀኑን ሙሉ በብርታት ታውላለች ይላል። መጠኗንም አልረሳም፦ የቢሊያርድ ኳስ ታህላለች። በላፍቶ ቋንቋ የካራምቡላ ድንጋይ ማለቱ ነው። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ከጂም ጓደኞቿ ሰማሁ ያለችው ነገር፣ ከስኳርና ከግሉተን ነፃ ሆኖ፣ ካፌይን ተጨምሮበት፣ ከ230 ዓመት በላይ በፊት ታትሟል። ቡናን ከነገለፈቱ በቅቤ ማብሰል ደግሞ ዛሬም ቡና ቀላ ተብሎ በቦረናና በጉጂ አለ። የብሩስ ምስክርነት አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ተጓዦቹ ያድቦለቦሉት በአንድ እጅ ይሁን በሁለት አይነግረንም። አጥኚው ይህን ቸልተኝነት ይቅር ሊል አልቻለም።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙዎች ስለ አበበ መጠየቃቸው አይቀርም። ፊደል ስንቆጥር መጀመሪያ ያወቅነው ሰው አበበ ነው፤ መጀመሪያ ሲበላ ያየነውም በሶ ነው። በጥብጦ ይጠጣው ወይስ ጨብጦ ይብላው የሚለው እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ «በላ» መባሉ ግን ለጭብጦ ወገን ከባድ ድጋፍ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሌላ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ሁለቱ አበበዎች አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ሰነድ የለም። እናቴ ሰነድ አትጠይቅም።

ኑግ ገብቶበት የሚሠራ ጭብጦም አለ፤ የተቆላ ኑግ ተወቅጦ ከተቆላ እህል ጋር ይለወሳል። በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ኑግ የወጣ አንድ ጥናት ይህን የወንድ ልጆች ተወዳጅ ምግብ አድርጎ መዝግቦታል። አጥኚው በልጅነቱ ከጓዳ ስንት ጊዜ እንደተያዘ ጥናቱ አልጠቀሰም፤ እኔም አልጠቅስም። ከአገር ውጭ ደግሞ የቲቤት ሰዎች የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ሻይ ለውሰው በጣታቸው ጨብጠው ይበላሉ፤ ጻምፓ ይሉታል። የካናሪ ደሴቶች ሰዎችም ጎፊዮ የሚባል የተቆላ እህል ዱቄት አላቸው፤ ይለውሱታል፣ በእጅ ያበጁታል። ደጋውም ደሴቱም ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ደርሰዋል፤ ወደዚያ ስንሄድ ላፍቶ እስክንደርስ ይመሻል።

ስለዚህ ወደ ሒሳቡ። የእህቴ ልጅ ድቡልቡል አንዱ ወደ 150 ካሎሪ ይመጣል፤ የኦቾሎኒ ቅቤው ብቻ ለጠቅላላው ሳህን 750 ገደማ አዋጥቷል። ግማሽ ሰዓት ሩጫ እንደ ሰውየው ክብደት 300 አካባቢ ያቃጥላል። በቅምሻ የሄዱት ሁለቱ ድቡልቡሎች እንግዲህ የዚያን ቀን ጂም ሙሉ በሙሉ መልሰውታል። በሶም ቢሆን የዋህ አይደለም፤ 100 ግራሙ ወደ 350 ካሎሪ አለው፤ ቅቤ ሲገባበት ሒሳቡን መቀጠል ነውር ነው። ልዩነቱ እናቴ በሶን ጤናማ ነው ብላ አታውቅም። «ያቆማል» ነው የምትለው። የሚያቆመው የሚቆም ሥራ ላለው ሰው መሆኑ አብሮ የታወቀ ነው።

ወሳኙ ሙከራ አልታቀደም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የመጨረሻ ፎቅ መሆናችንን ከላይ ጠቅሻለሁ፤ ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ የላፍቶ ፀሐይ ብቻ ነው። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል። የእህቴ ልጅ በየሩብ ሰዓቱ የፍሪጁን በር ከፍታ ድቡልቡሎቹ እንዴት እንዳሉ ታያለች፤ በማየቷም ሙቀቱን ታስገባላቸዋለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኩሽናው 27 ዲግሪ ነበር፤ ሳህኑ ላይ 12 ድቡልቡል የሚባል ነገር አልነበረም። ተቀራርበው፣ ተቃቅፈው፣ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ሆነዋል፤ ሰሊጡ ላዩ ላይ ተንሳፏል። ቅቤ ለመቅለጥ ከ30 ዲግሪ በላይ ይጠብቃል። እናቴ ይህን ቁጥር አታውቀውም፤ ብታውቀውም ያን ሰዓት አትናገረውም ነበር።

ከበርጩማዋ ተነሣች። እጇን ታጠበች። ከጓዳ በሶ አወጣችና በእፍኟ በተነችበት፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ግማሽ ጨመረች። በሶው ዘይቱን ጠጣው። ግራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በቀኟ ዘገነች፣ ጨበጠች፣ ለቀቀች። ስምንት ሆነ። ሁሉም አራት አራት ቦይ አላቸው። የእህቴ ልጅ አንዱን አንሥታ በላች፤ ሁለተኛውንም። ፎቶ አላነሣችም። ስሙን በሚመለከት በዚያች ሌሊት በቤቱ ውስጥ ምንም ንግግር አልተደረገም፤ ሳህኑም ላይ እፍኝ የማይሞላ ትርፍ ልውስ ተሸፍኖ አደረ።

ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ስምንቱ የሉም። በቦታቸው አንዲት ብቻ፣ ከትርፉ የተሠራች፣ ጠርዟ ላይ ትንሽ የተሰነጠቀች አለች። ቦዮቿ አራት ናቸው፤ ግን ቀጭን። ማስመሪያውን አመጣሁ። 14 ሚሊ ሜትር። ማስመሪያው በዚህኛው ጊዜ ታጥቧል።