ለአጎቴ፦ ስለ እንጨት ፈረሱ ጉዳይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ይፋግ።

ጋሼ፣ በረዶው ጉልበት ደርሶ መኪናዬን በአካፋ ቆፍሬ ነው ያወጣኋት።

በስልክ የላኩልኝን ድምፅ ሰማሁት። ስለ ሩዙ ዋጋ፣ ስለ እምቦጩ፣ ከጎረቤትዎ ጋር ስላለው የወሰን ክርክር ሲነግሩኝ ቆይተው፣ «በል ደህና ሁን» ካሉ በኋላ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። «መንገዱ ሰላም ሲሆን ከባሕር ዳር ጎንደር የሚመላለሰው እንግዳ ይፋግን በመስኮት አይቶ ነው የሚያልፍ። አስፋልቱ ዳር ያለችኝን ቁራሽ መሬት ላጥርና ያንን እናንተ አገር ሰው ከፍሎ የሚጮህበትን ነገር ልተክልባት ነው። የድሮው ይሻላል አዲሱ? አይተህ ላክልኝ።» ባለቤቴ ሰምታ ሻዩ ትን አላት። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሩዝ ፎገራ ሲገባም የሳቀ አይጠፋም፤ ዛሬ ወረታ ላይ የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከል ተቀምጧል።

እና አየሁልዎ። ልጆቹም «የአጎትህ ሥራ ከሆነማ ትምህርት ቤት ብንቀርም ግድ የለም» ብለው ተከተሉኝ።

ከሥሩ ልጀምር። ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት የዓለም መዝናኛ መናፈሻዎች አንጋፋው በምን እንደ ተጀመረ ቢነግሩዎት አያምኑም፤ በጠበል ነው። ዴንማርክ ውስጥ፣ ከኮፐንሃገን ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ጫካ ውስጥ፣ ባከን የሚባል መናፈሻ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር (የመናፈሻዎቹን ዓመት ሁሉ በእነሱ ነው የምጽፍልዎ) 1583 እዚያ ምንጭ ተገኘ፣ ውሃው ይፈውሳል ተባለ፣ ሕዝቡ ጎረፈ። የተጠማ ሰው ባለበት የሚሸጥ አይጠፋም፤ የሚሸጥ ባለበት ደግሞ የሚዘፍንና የሚያስቅ ይመጣል። በዚያ ዘመን እኛ ዘንድ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነበሩ፤ ከደጅዎ ብዙ ሳይርቅ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራን ግንብ ያሠሩት። ግንቡ ውስጥ ዛሬ የሚኖር የለም፤ ባከን ግን አሁንም ሰው እያስጮኸ ነው። እስከ ዛሬም ለመግቢያ አምስት ሳንቲም አይጠየቅም፤ የሚከፈለው ለሚሳፈሩበት ብቻ ነው።

በ1843፣ ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ሳሉ፣ ካርስተንሰን የሚባል ብልህ እዚያው ኮፐንሃገን መሀል ቲቮሊ የሚባለውን ከፈተ። ለንጉሡ «ሕዝብ ሲጫወት ስለ ፖለቲካ አያስብም» ብሎ ነው ፈቃድ ያገኘ እየተባለ ይወራለታል። እርስዎም ወረዳው ፈቃድ ከከለከለዎ ይችን ይሞክሯት፤ እኔ ነገረኝ እንዳይሉ እንጂ። ቲቮሊ አጥርና በር ነበረው። ዋልት ዲዝኒ የሚባለው አሜሪካዊ ይህንን ጎብኝቶ በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድን ከፈተ። ያኔ በሩ ላይ አንድ ዶላር ተከፍሎ ይገባል፤ ለየጨዋታው ደግሞ ትኬት ይቆረጣል። በ1982 የየጨዋታው ትኬት ቀረና ሁሉም በር ላይ ባንድ ጊዜ የሚከፈል ሆነ።

ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው እላለሁ። እርስዎ የገበያ ሰው ነዎት፤ ስለዚህ ባጭሩ ይኸው፦ የድሮው መናፈሻ ገበያ ነው፣ አዲሱ ኬላ ነው። ገበያ የፈለገ ይገባል፣ ያልገዛም ዘመድ ጠይቆ፣ ወሬ ለቅሞ ይመለሳል። ኬላ ግን ያልሸጥከውንም ቆጥሮ ያስከፍልሃል።

ገበያ የሚመስለውን ፔንሲልቫኒያ ውስጥ አገኘሁት። ክኖበልስ ይባላል፤ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ በ1926 የተከፈተ፣ ጫካ ውስጥ የተቀመጠ። መኪና ማቆሚያ በነፃ፣ መግቢያ በነፃ። ባለቤቴ መኪናችንን ሦስቴ ዞራ ከፋይ ፈለገች፤ በነፃ የሆነ ነገር አሜሪካ ውስጥ ያስፈራል። ውስጥ ስንገባ አሮጊቶች ምሳቸውን ከቤት ቋጥረው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የሚሳፈሩት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ እነሱ ሹራብ ይሠራሉ። ማንም «ተነሱ» አይላቸውም።

እዚያ በ1913 የተሠራ፣ የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ አለ። ልብ ብለው ያንብቡ፤ ለእርስዎ የሚሆነው ይህ ነው። ፈረሶቹ በክብ ወለል ላይ ተደርድረው ኦርጋን እየተነፋ ይዞራሉ። ከዳር አንድ ክንድ ተዘርግቶ ጫፉ ላይ ቀለበት ይወጣል። በዳር በኩል ያለው ጋላቢ ባለፈ ቁጥር ከኮርቻው ተንጠልጥሎ ቀለበቱን ይመነትፋል። አብዛኛው ተራ ብረት ነው፤ ከመካከሉ ግን አንድ የናስ አለች። የናሷን ያገኘ አንድ ዙር በነፃ ይጋልባል።

ጋሼ፣ ጉግስ አይተን ያደግን ሰዎች ምን ቆርጦን ዝም እንላለን? ባለ ነጭ ጋማውን መርጬ ወጣሁ። ከፊቴ የስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ተቀምጣለች፤ ከኋላዬ ሆዳቸው የፈረሱን አንገት የነካ ሽማግሌ። ልጅቱ ዞር ብላ ሳታይ፣ ጣቷን ብቻ ቀስራ፣ ባለፈች ቁጥር ቀለበቱን ቅርጥፍ ታደርገዋለች። እኔ በመጀመሪያው ዙር አየሩን ጨበጥሁ። በሁለተኛው ክንዱን ራሱን ይዤ ልነቅለው ነበር፤ ጠባቂው «ቀለበቱን ብቻ፣ ጌታዬ!» ብሎ ጮኸብኝ። በመጨረሻ ጥቂት ብረት ለቅሜ፣ ወገቤን ይዤ ወረድሁ። ናሷን ማን ወሰዳት? ሽማግሌው! አንድ እጃቸው ላይ አይስክሬም ነበር። ልጄ ይህን ሁሉ በስልኩ ቀርጾታል፤ እንዳይልክልዎ አስምዬዋለሁ።

እዚያው ፊኒክስ የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተርም አለ። በ1947 ቴክሳስ ውስጥ ተሠርቶ፣ የነበረበት መናፈሻ ሲዘጋ ተነቅሎ፣ በ1985 ፔንሲልቫኒያ ላይ እንደገና ቆመ። ሽቅብ ሲጎትትዎ ሰንሰለቱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ እንጨቱ ያቃስታል፤ «ይህ ነገር ሳይፈርስ ደርሼ እወርድ ይሆን?» ይላሉ። ፍርሃቱ ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ከእንጨቱ ዕድሜ። ቁልቁል ሲለቀው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ለጥቂት ጊዜ በአየር ላይ ነበርሁ። የጠራሁት ታቦት ብዛት! ስለታቸውን ሳልከፍል እንዳልቀር ወደፊት ብር ስልክልዎ ለየደብሩ እርስዎ ያድርሱልኝ።

ታዲያ የድሮውን ሁሉ አልቀድስልዎም። ከቤቴ በመኪና ብዙ በማይርቅ ቦታ ግሌን ኤኮ የሚባል አሮጌ መናፈሻ አለ። በ1921 የተተከለው ካሩሴል፣ ማለት የሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ፣ 52 እንስሳት አሉት፤ ፈረሱ ይበዛል፣ ግን ሰጎንም፣ ጥንቸልም፣ አንበሳም፣ ቀጭኔም አለበት። ሲያዩት ልብ ያጠፋል። በ1960 ግን ገና ጥቁር ሰው በበሩ አያልፍም ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ የእኛው ዶክተር መላኩ በያን በተማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች መጥተው እንስሳቱ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። አምስቱ ታሰሩ። የሠፈሩ ነጮች ሳይቀሩ ከተማሪዎቹ ጋር ሆነው ክረምቱን በሙሉ በሩ ላይ ተሰለፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት መናፈሻው ለሁሉም ተከፈተ። ክሱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 ቅጣቱ ተሻረላቸው። መናፈሻው ራሱ በ1968 ተዘጋ፤ ካሩሴሉ ግን የአካባቢው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ስላስቀረው ዛሬም ይዞራል። ሴት ልጄ ሰጎኑ ላይ ወጥታ እጇን ስታወዛውዝልኝ ይህን ታሪክ አሁን ልንገራት ወይስ ትውረድ እያልሁ ቆየሁ። ከወረደች በኋላ ነገርኋት። «ሰጎኑም ላይ?» አለችኝ። አዎ፣ ሰጎኑም ላይ።

አሁን ወደ አዲሱ። ባለፈው ግንቦት ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ከተማ፣ ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባል ግዙፍ መናፈሻ ተከፈተ። ውስጡ አምስት «ዓለም» አለው፤ አንዱ የድራጎን፣ አንዱ የጭራቅ፣ አንዱ የቪዲዮ ጨዋታ፣ አንዱ የጠንቋይ፣ አንዱ መሀል ላይ የአትክልትና የፏፏቴ። ሲከፈት የአንድ ቀን መግቢያው እንደ ቀኑ ከ139 እስከ 199 ዶላር ነበር። ትንሹን እንኳ በብር ቢመቱት ከሃያ ሺህ ያልፋል፤ ስንት ኩንታል ሩዝ እንደሚሆን እርስዎ ያስሉት። በጠንቋዩ ዓለም ውስጥ የጠንቋዮች ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አለ። እውነቴን ነው! ሰው ይህን ያህል ከፍሎ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገብቶ ወረፋ ይይዛል፣ ያውም እየሳቀ። እኛ አገር ይህ በነፃ የሚገኝ መሆኑን ፈረንጅ እንዳይሰማ።

የምቀናባቸው ነገር የለም አልልም። ግንባታው ያፈዛል። የሮለር ኮስተሩ ሐዲድ ብረት ስለሆነ አያቃስትም፤ ሰውየውን ዘቅዝቆ፣ አሽከርክሮ፣ ጸጉሩን ሳያበላሽ ይመልሰዋል። በስክሪን ላይ የሚመጣው ድራጎን እሳት ሲተፋ ፊትዎ ላይ ሙቀቱ ይሰማዎታል። ልጆቼ ከአዲሶቹ አንዱን እስካሁን ይናፍቁታል።

እኔ ግን ከአዲሶቹ በአንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ የደረሰብኝን ልንገርዎ። በሩ ላይ ከፈልሁ። ውስጥ ገብቼ ስሰለፍ «ወረፋ ለመዝለል ሌላ ክፍያ አለ» ተባልሁ። አልከፍልም ብዬ ቆምሁ። ከጎኔ በሌላ መስመር የከፈሉት እየሳቁ ያልፋሉ፤ በእኔ መስመር የቆመ ሰው ጺም አበቀለ። ደግሞ ሁሉ ነገር በስልክ ነው፤ ምግቡ በስልክ ይታዘዛል፣ ተራው በስልክ ይያዛል፣ ካርታው ስልክ ውስጥ ነው። ስልኬ ሲጠፋብኝ እኔም አብሬ ጠፋሁ። ቁጭ ልበል ብዬ ዞር ዞር ብል አግዳሚ ወንበር የለም፤ የተቀመጠ ሰው አይገዛማ! በመጨረሻ ማረፊያ ያገኘሁት ዕቃ መሸጫው ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሳላስበው ጅራት ያለው ባርኔጣ ገዝቼ ወጣሁ። አብሮ ተልኮልዎታል፤ ለማሽላ ጠባቂው ይሁን፣ ወፍ ያባርራል።

አዲስ ስለሆነ ብቻ ይኖራል እንዳይሉም። እዚሁ ሜሪላንድ፣ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ክረምት ክረምት ይሄድበት የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባል መናፈሻ ባለፈው ጥቅምት 23 ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ሠርቶ ተዘጋ። እዚያ ዋይልድ ዋን የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር ነበር። መጀመሪያ የተሠራው በ1917 ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት። አንዱ መናፈሻ ሲዘጋበት ተነሥቶ በ1986 ሜሪላንድ መጣ፤ አሁን ሁለተኛውም ተዘጋበት። ባለቤቱ ኩባንያ መሬቱን መሸጥ እንደሚፈልግ አስታውቆ ነበር። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ቤት አልባ ሲሆን አንጀት ይበላል፤ ለእርስዎ ልላክልዎ እንዳልል ደግሞ ከመሬትዎ ይበልጣል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይኸውልዎ። ሮለር ኮስተሩን ይተዉት፤ ከወረታ አዲስ ዘመን በባጃጅ የተጓዘ ሰው ለዚያ ገንዘብ አያወጣም። የእንጨት ፈረሱን ይትከሉ። አናጢ አለልን፣ ዋንዛም አለን፤ ክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ይሁን እንጂ። ፈረስ ብቻ አይሁን፤ የፎገራ ላምም ትኑርበት፣ ታንኳም ትጨመር። ኦርጋን አያስፈልግም፤ አዝማሪ መሀል ላይ ይቀመጥና ፈረሱ በዙሪያው ይዙር፣ የተሳፈረውንም በስሙ እየጠራ ይስደበው። ከዳር ቀለበት ይንጠልጠል። ከሁሉ በላይ መሬቱን አያጥሩት። አጥር ባወጡበት ገንዘብ ወንበር ያሠሩበት፣ ጥላ ያለውን ዛፍም አይቁረጡ። ልጇን ያመጣች እናት ተቀምጣ ቡና ከጠጣች ልጇ ሳይሳፈር አትነሣም።

አንድ ነገር ብቻ በእግዜር ይዤዎታለሁ፤ ትኬቱን ባለቤትዎ እትዬ ይቁረጡ። እርስዎ ከቆረጡ ከሊቦ ከምከም እስከ ፎገራ ዘመድዎ ያልሆነ ስለሌለ ከፋይ አይገኝም። እትዬ ግን ባለፈው ዓመት እኔንም የጠላውን ሒሳብ ጠይቀውኛል።

የእህትዎ ልጅ