ለማይጫወቱ ተጫዋቾች ውዳሴ

ብልህ ሰው ስልኩን በየሁለት ዓመቱ ይቀይራል። የቀድሞው ምን ጎደለው ቢባል አያውቅም፤ አዲሱ ምን ጨመረልህ ቢባልም እንዲሁ። ግን ቀይሯል፤ ሰላም ነው። ከእነዚህ ብልሆች ተነጥለው፣ አርባ ዓመት ያለፈውን ኮምፒውተር እያከሙ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ጎረቤት ያዝንላቸዋል፤ ሚስት ትታገሣቸዋለች፤ የመብራት ቆጣሪው ይመሰክርባቸዋል። ጠበቃ ግን የላቸውም። እኔ ልቁምላቸው ብያለሁ፤ ክፍያም አልጠይቅም።

ክሱ የታወቀ ነው። ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 595 ዶላር፣ የማስታወሻ አቅሙም ስሙ እንደሚለው 64 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ ማንም የማይኮራበት ባለ 4 ጊጋባይት ስልክ የዚያን 65,536 እጥፍ ይይዛል። የኮሞዶሩ ፍሎፒ ማንበቢያ በሴኮንድ 400 ባይት ገደማ ስለሚያነብ አንድ ጨዋታ እስኪነሣ ድረስ ሰው ስለ ሕይወቱ ለማሰብ በቂ ጊዜ ያገኛል፤ በቴፕ ካሴት ከሆነማ ንስሐም ይገባል። ብልሁ ይህን ሁሉ ቆጥሮ “ታዲያ ለምን?” ይላል። ሞኙም “ለመጫወት ነዋ!” ብሎ ይመልሳል።

መልሱ ውሸት ነው። ውዳሴዬም የሚጀምረው ከዚህ ውሸት ነው፤ ሰውየው አይጫወትም።

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ቤዝመንቱ ውስጥ ኮሞዶር 64፣ ሁለት አሚጋ ኮምፒውተር፣ የመጀመሪያውን የኒንቴንዶ ጌም መጫወቻና የሴጋ ጌም ጊር አስቀምጧል። ቅዳሜ ጠዋት ይወርዳል። አንዱን ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ይበይዳል፣ ይገጥማል፣ ይሰካል። የኒንቴንዶው ተራ ከሆነ ሱፐር ማሪዮ ይነሣል፤ ሙዚቃው ይጀምራል። ማሪዮ ጥቂት ይራመድና ዘሎ የመጀመሪያዋን ሳንቲም ያወጣል። ወዳጄ “ይሠራል” ይላል። ከዚያ ያጠፋዋል፤ ዕቃው እንዳይደክም። ቅዳሜው በዚሁ አልቋል። በዚያ ቤት ማሪዮ ሊያድናት የሚገባው ልዕልት ከእስር ወጥታ አታውቅም፤ ማሪዮም ከመጀመሪያው ሜዳ አልፎ አያውቅም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሲሆን ሙሉ መጠኑ 40 ኪሎባይት ነው። ወዳጄ ከዚያ ውስጥ ስንቱን አይቶ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ይመስለኛል።

ይህ ሞኝነት እንዲሁ በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም፤ ሙያ ይፈልጋል። ለምሳሌ ካፓሲተርን እንውሰድ። ኤሌክትሪክን ለአፍታ አቆይታ የምትለቅ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቆርቆሮ ናት፤ ውስጧ ፈሳሽ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቦርድ ላይ የተለጠፉት ከዕድሜ ብዛት ፈሳሹን ያፈሳሉ፤ ፈሳሹም ቀጫጭኖቹን የመዳብ መስመሮች ይበላቸዋል። አሚጋ 600 እና 1200፣ ጌም ጊር፣ የአፕል ማኪንቶሽ ኤስኢ/30 በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። የሚያፈሰው ካፓሲተር ላይ መበየጃው ሲያርፍ ጭስ ይነሣል፤ ጭሱም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ብልህ ሰው ይህን ሽታ ሳያውቀው ይሞታል።

አሚጋ 2000 ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም ሰዓቱ እንዳይረሳ ተብሎ የተበየደ ባትሪ አለ። ባትሪው ሲያረጅ ያለቅሳል፤ እንባውም ቦርዱን ይበላል። ቀኑን እንዲያስታውስ የተሰጠው ነገር ራሱን አስረሳው ማለት ነው። መድኃኒቱ አቼቶ ነው፤ በጥርስ ብሩሽ እያስነኩ ቀስ አድርጎ ማሸት። ወዳጄ ለዚህ ሥራ የመደበው ብሩሽ ከራሱ የጥርስ ብሩሽ የተሻለ ነው።

ኮሞዶር 64 እንዲህ ያለ ባትሪ ስለሌለው ከዚህ ድኗል። እሱን የሚገድለው የራሱ አዳፕተር ነው። አዳፕተሩ በሙጫ ተሞልቶ የታሸገ ስለሆነ ከፍቶ መጠገን አይታሰብም፤ ሲበላሽም እንደ ጨዋ ዕቃ ዝም ብሎ አይሞትም። 5 ቮልት መላኩን ትቶ ከዚያ በላይ ይልክና የማስታወሻ ቺፖቹን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የበሰለ ሞኝ የፋብሪካውን አዳፕተር ፈጽሞ አይሰካም፤ አዲስ ይገዛል። አሮጌውን ግን አይጥለውም። ኦሪጅናል ነው፤ ገዳይነቱም ኦሪጅናል ነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ካፓሲተሮቹ ይቀየራሉ፤ ቺፖቹ ይቀየራሉ። አዲስ ቦርድና አዲስ የፕላስቲክ ሳጥንም ዛሬ እየተሠራ ስለሚሸጥ እነሱም በተራቸው ይቀየራሉ። በመጨረሻ ከ1982 የሚተርፉት ጥቂት ብሎኖች ናቸው። እነሱም ዝገዋል፤ ምትካቸው ታዟል።

የፕላስቲኩ ነገር ለብቻው ይነገር። የዚያን ዘመን ኮምፒውተሮች ሳጥን እሳት እንዳይዘው ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ይጨመርበት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ነጣ ያለው ግራጫ ቢጫ ይሆናል። ሞኞች እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ መላ አገኙ፤ በሴቶች ፀጉር ቤት ፀጉር የሚነጣበትን ፐርኦክሳይድ ቅባት ቀብቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት። በየጊዜው ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ዥጉርጉር ይሆናል። የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ተብሎ የተወደሰው ፀሐያችን ለዚህ ሥራ ስንት የውጭ ምንዛሪ ሊያስገባ እንደሚችል ያጠና ባለሥልጣን እስካሁን አልተነሣም። የነጣው ሳጥን ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ብልህ ሰው ይህን ሰምቶ ልፋቱ ከንቱ ነው ይላል፤ ሞኙ ግን ለመጪዎቹ ዓመታት ሥራ ማግኘቱን ነው የሰማው።

ቴሌቪዥኑም አለ። ወዳጄ ፍላት ስክሪን አይቀበልም፤ ጀርባው የተገፋውን፣ ሁለት ሰው የሚሸከመውን አሮጌውን ነው የሚሻው። ቤዝመንቱ ውስጥ አምስት አሉ። እናቱ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁት መጥተው ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱና ቴሌቪዥኖቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

“ልጄ፣ እዚህ አገር ቆራሌው አይመጣም እንዴ?”

“አይመጣም፣ እማዬ።”

“አይ አሜሪካ!” አሉ፤ ከልባቸው አዘኑለት።

እሳቸው ያላወቁት፣ ልጃቸው በዚህ መንገድ ገና ጀማሪ መሆኑን ነው። ሶኒ ከሠራቸው የዚህ ዓይነት ቴሌቪዥኖች ሁሉ ትልቁ 43 ኢንች ነው፤ ክብደቱም 200 ኪሎ ገደማ። አንዱ ኦሳካ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ተገኝቶ፣ በሰው ብዛት ወርዶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ መግባቱ በ2024 ይፋ ሆኗል። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ለጥቂት ቀን ምግብ አልጣመውም።

ብልሆች እዚህ ላይ የመጨረሻ መሣሪያቸውን ይመዝዛሉ። “ይሄ ሁሉ ጨዋታ’ኮ አሮጌውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ በኢሙሌተር፣ ስልክህ ላይ በነፃ ይነሣል።” እውነት ነው። ሞኙ ግን ይዘገያል ይላል፤ ቁልፉ ተነክቶ ምስሉ እስኪንቀሳቀስ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ያልፋል። ለማስረጃም የኒንቴንዶን ሽጉጥ ያመጣል። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልምና ዳክዬዋ ያለችበት ቦታ ብቻ ነጭ ይሆናል፤ ሽጉጡ ያንን ብርሃን ካየ ዳክዬዋ ተመታች። በአሮጌው ቴሌቪዥን ብርሃኑ በሰዓቱ ይደርሳል። ፍላቱ ላይ ግን ምስሉ እስኪሰናዳ ይዘገያል፤ ሽጉጡ ጨለማ ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ዳክዬዋም በሰላም ትበራለች። ክርክሩ በቴክኒክ እንከን የለውም። በወዳጄ ቤት ዳክዬ የሚያድን ሰው አለመኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳይጫወቱ የጨዋታ መዘግየት መሰማት ለሁሉም የተሰጠ ጸጋ አይደለም።

አሁን ባልናገረው የምመርጠው አንድ አሳፋሪ ነገር አለ። አሮጌ ኮምፒውተርን የሚሠሩበት ሰዎች ተገኝተዋል።

ፖላንድ፣ ግዳንስክ ከተማ የሚገኝ አንድ ጋራዥ የመኪና ሞተርን ከኋላ ጎማ የሚያገናኘውን ዘንግ ሚዛን የሚያስተካክለው በኮሞዶር 64 እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘገበ፤ ያኔ ከ25 ዓመት በላይ አገልግሎ ነበር። አይፈቱትም፣ አያነጡትም፣ ዘንግ ብቻ ያስተካክሉበት ነበር። ሚሺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ ደግሞ የ19 ትምህርት ቤቶች ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከአንድ አሚጋ ትእዛዝ ሲቀበል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ዜና ሆነ። ፕሮግራሙን የጻፈው ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ልጅ ነው፤ ችግር ሲፈጠርም የሚጠራው እሱው ነበር። አሚጋው ለትምህርት ቤቶቹ በራዲዮ ሲናገር የጥገና ሠራተኞቹ የእጅ ራዲዮ ላይ ይገባባቸው ስለነበር፣ ሰዎቹ ወሬያቸውን አቁመው እሱ እስኪጨርስ ይጠብቁ ነበር። ይህ ክብር ነው፤ ግን ጥቅም አለበት። የጃፓን መንግሥት ሰነድ በፍሎፒ ይቅረብ የሚሉ ደንቦቹን የሻረው በ2024 ነው፤ ሶኒ ፍሎፒ መሥራት ካቆመ ከ13 ዓመት በኋላ። እነሱም ቢሆኑ ሰነድ ይቀበሉበት ነበር።

እኛም ዘንድ ነውሩ አለ። ፊደላችን ለፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተለቀመ የመጽሐፍ ፋይል ያለው ማተሚያ ቤት ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚነሣበትን አቧራማ ኮምፒውተር ቢጥል መጽሐፉንም አብሮ ጣለው። ስለዚህ አይጥልም። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሚውለው ሠራተኛም ከወዳጄ እኩል ይፈታል፣ ይቀጠቅጣል፣ ይገጥማል፤ ከገጠመ በኋላ ግን ይሸጠዋል፤ ልጆቹንም ያበላበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ሞኝ ማለት ስም ማጥፋት ነው።

በመካከል የቆመ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። በቴሌቪዥን “ጌም ኦፍ ትሮንስ” ተብሎ የታየውን ታሪክ የደረሰው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን፣ ዎርድስታር 4.0 በሚባል ፕሮግራም፣ ኢንተርኔት በሌለው የዶስ ኮምፒውተር እንደሚጽፍ ራሱ ተናግሯል። ሲታይ ይሠራበታል። ሆኖም የተከታታዩን ቀጣይ ቅጽ አንባቢዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እየጠበቁ ናቸው። የግማሽ አባልነት ይገባዋል እላለሁ።

ወዳጄ ግን ሙሉ አባል ነው፤ ለዚህም አንድ ማስረጃ ላቅርብ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛት፣ ፍጥረታት የሚሰበሰቡበት የፖኪሞን ጨዋታ ካርትሪጅ አለችው። የዚህች ዓይነት ካርትሪጅ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ተጫዋቹ የደረሰበት ቦታ የሚቆየው እሷ እስካለች ነው። ባትሪዋ ስትሞት ሁሉም ይጠፋል፤ በአዲስ ልተካት ብለው ሲነቅሏትም ይጠፋል። ወዳጄ ካርትሪጇን ሲከፍት የማያውቀው አንድ ልጅ ከዓመታት በፊት በብዙ ሰዓት ልፋት የሰበሰባቸው ፍጥረታት ከነቅጽል ስማቸው ተሰልፈው ጠበቁት። ያ ልጅ ዛሬ የቤት ዕዳ የሚከፍል ጎልማሳ ሳይሆን አይቀርም፤ ካርትሪጇን ሸጦ ረስቷታል። ወዳጄ ግን አሮጌዋ ስትነቀል ኤሌክትሪኩ እንዳይቋረጥ ሌላ ባትሪ በሁለት ሽቦ ከጎን በይዶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ትንፋሹን ይዞ ቀየራት። አንድም ፍጥረት አልጠፋም። የማይጫወት ሰው ሌላ ሰው ተጫውቶ የተወውን ጨዋታ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ቢመጣ ዝግጁ ነው። ባለቤቱ አይመጣም።

የሚያሳስበኝ የወራሽ ጉዳይ ነው። ወዳጄ የበየዳቸው አዳዲስ ካፓሲተሮችም ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ የነሱም ቀን ይመጣል። መበየጃውን የሚረከብ ሰው ያስፈልጋል። ደግነቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለው። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት ይወርዳል፤ ጎኑ ይቀመጣል፤ ሙዚቃው ሲጀምር እጁን ይዘረጋል።

“አባዬ፣ አሁን ልጫወት?”

“ቆይ፣ ይቀዝቅዝ።”

ልጁ እስካሁን ካቻቢቴ ማቀበል ተፈቅዶለታል፤ ዘንድሮ ደግሞ አቼቶ እንዲቀባ። ጆይስቲኩ ሲያድግ ነው።